«አባቴ ተራ ሠራተኛ ነበር፤ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። አባቴ በ81 ዓመቱ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የብረት መቅረጫ ማሽን በሆነው ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነው። በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የአጎቴ ልጅ ሌሊቱን የጻፈው ግማሽ ገጽ ነበር። ‹በተለያዩ የሥራ መደቦች በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል› ሲባል የሌላ ሰው ቀብር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። አሁን ለሙት ዓመቱ ከፎቶግራፉ ጋር የሚታተም ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ እኔን መረጠ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ሹመት የለው፣ ሽልማት የለው፤ ምን ይጻፋል? ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹ኢንጂነር ብለሽ ጻፊ፤ ማን ይጠይቅሻል› ይለኛል።

«አባዬ ቁጡ ነበር። መሣሪያው ከቦታው ከተነሣ ቤቱ ይናወጥ ነበር። እወድሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ‹አፍቃሪ አባት› ብዬ ብጽፍ መዋሸቴ ነው? ምን ሠራ ካሉኝ፣ ቤታችን ውስጥ ያልጠገነው ዕቃ የለም። የእማዬን በርጩማ ጉልበቷ በታመመ ቁጥር እግሩን ይቀጥልላት ነበር፤ ለእኔም ልጅ ሳለሁ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ዝቅ ያለ መቀርቀሪያ ገጥሞልኛል። እንደዚህ ያለ ተራ ነገር ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት የደቻቱ ወንዝ ዳር ሴት ‹ከጎርፉ በኋላ በሬን ያቆመልኝ እርሱ ነው› አለችኝ፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ታናሽ ወንድሜ የመሣሪያ ሣጥኑን እንሽጠው ይላል። ብሎንና ምስማሩን በወተት ጣሳ ለይቶ፣ በየጣሳው ላይ በእጁ ጽፎ ነበር የሚያስቀምጠው፤ አንዱ ላይ ‹የጎበጡ፣ ይቃናሉ› ይላል። የግቢው ቧንቧ አባዬ ካረፈ ጀምሮ ይንጠባጠባል። ላስቲኩን መቀየር ያስተማረኝ እርሱ ነው፤ እጄ ግን አልሄድ አለኝ። እማዬም ሠራተኛ አታስጠሩ ብላ ከለከለች። እባክዎ ይምከሩኝ።»

ከድሬዳዋ

ውድ እህቴ፣

ነፍሳቸውን ይማር፤ አንቺንም እናትሽንም ያጽናችሁ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የሚጻፍ ነገር የጠፋባት ሴት ደብዳቤ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሦስት ጊዜ ጀምረሽ የተውሽውን ጽሑፍ እዚያው ደብዳቤው ውስጥ ተጀምሮ አገኘሁት። የእናትሽን በርጩማና ያንን ዝቅ ያለ መቀርቀሪያ በአንድ ትንፋሽ ጠቅሰሽ «ተራ ነገር ነው» ብለሽ አለፍሻቸው። እኔ ማለፍ አቃተኝ።

እስቲ መቀርቀሪያውን ጠጋ ብለን እንየው። የድሮ ግቢ መጸዳጃ ቤት ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ ጓሮ ነው የሚሠራው። መቀርቀሪያው የሚገጠመው በአዋቂ ደረት ልክ ነው። አንዲት የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ስትገባ ወይ በሩን በእግሯ ገፍታ ይዛ ትቀመጣለች፣ ወይ ወንድሟን ደጅ አቁማ «አለህ? አለህ?» እያለች ትጣራለች። አባትሽ ይህን አይተዋል። ከሥራ በገቡበት በአንዱ ምሽት ቁመትሽን ለኩ፤ እጅሽ የሚደርስበትን ቦታ ምልክት አደረጉ፤ በሩን ሰርስረው በብሎን አሰሩት። ወንድሞችሽ ሁለተኛው መቀርቀሪያ ለምን እንደተገጠመ ምናልባት እስከ ዛሬ አያውቁም። በዚያ ቤት ውስጥ የአንዲት ትንሽ ልጅ ሐፍረት የገባው ሰው ነበር።

በርጩማውስ? ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዝቅተኛ መቀመጫ ሲነሣ ነው የሚሰቃየው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢልለት ትልቅ እፎይታ ነው። አባትሽ ሐኪም ሳይነግራቸው ይህን ያወቁት ባለቤታቸው ከረከቦቱ ፊት ሲነሡ እያዩ ነው። እያንዳንዱ ቅጥያ እናትሽ «ወይ ጉልበቴ» ያሉበት አንድ ቀን ነው። ስንት ቅጥያ እንዳለው ቁጠሪ። ሜትር ያዢና ቁመቱንም ለኪ፤ መጀመሪያ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ? ቁጥሩን ጽሑፉ ውስጥ አስገቢው።

«አፍቃሪ አባት ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ ወይ?» ላልሽው፣ አትዋሺም። ግን አትጻፊው። ቃሉ በየሐውልቱ ላይ ስላለ አባትሽን ከጎረቤት አባት አይለይልሽም። «ልጃቸው ማታ ማታ እንዳትሳቀቅ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ በእሷ ቁመት ሁለተኛ መቀርቀሪያ ገጠሙላት» ብለሽ ብትጽፊ ግን የሰማው ሁሉ ቀሪውን ቃል ራሱ ይጨምርበታል። በዚያ ትውልድ አባቶች ዘንድ «እወድሻለሁ» በልጅ ፊት የሚነገር ቃል አልነበረም። «በልተሻል?» ይባል ነበር። «ያንን ጫማሽን እስቲ አምጪው» ይባል ነበር።

የድሮ አልቃሾች ይህን ያውቁበት ነበር። ሟቹ አራሽ ከሆነ በሬዎቹን በስማቸው እየጠሩ፣ ጦረኛ ከሆነ ፈረሱንና ጠመንጃውን እየጠሩ ነው ሙሾ የሚያወርዱት። «ደግ ነበር» የሚለው ለቀስተኛውን ብዙም አያነቃንቀውም፤ በሬው በስሙ ሲጠራ ግን ድንኳኑ ይናጋል።

የአጎትሽን ልጅ አትውቀሺው። ለቀብር የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ድንኳን እየተተከለ፣ የእድር ጥሩምባ እየተነፋ የሚጻፍ ነው። መልኩም የታወቀ ነው፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሕጋዊ ጋብቻ ፈጸሙ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ይህን ቅርጽ አልንቀውም። ሐዘን የሰበረው ሰው የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው። አንቺም ያዢው፤ «በተለያዩ የሥራ መደቦች» የሚለው ቦታ ስትደርሺ ግን ቁሚ። አባትሽ የጠፉት እዚያ ላይ ነው።

ቶርኖ ላይ መቆም ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ አስረጂ። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋው ያ መስመር ሲታመም የሚታከመው ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ሲል ዕቃው እዚያው ይቀረጽ ነበር። ቶርኖ ላይ የሚቆም ሰው በግምት አይሠራም። አንድ ዘንግ በሚሊ ሜትር ክፋይ ቢስት ይግላል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም መንገደኛ የጫነ ባቡር በረሃ ላይ ይቆማል። የእናትሽ በርጩማ ያ ሁሉ ቅጥያ ተጨምሮበት የማይነቃነቀው ለምን እንደሆነ ከዚህ ጋር አያይዘሽ ጻፊው። ከወርክሾፕ ወደ ቤት ይዘውት የገቡት እጅ ያው አንድ እጅ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። «ኢንጂነር በይው» ያለው በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ሩቅ ያለ ልጅ አባቱን ከፍ አድርጎ ማየት ይፈልጋል። በዚህ ግን አትስሚው። በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነው። ብረት የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሙያው እየጠሩ መስደብ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ለስድብ የዋለው «ጠይብ» የሚለው ቃል ሥሩ «ጠቢብ» መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ወንድምሽ የአባቱን ሙያ በሌላ ማዕረግ ሊሸፍን ሲሞክር ያ ንቀት ገና ከቤታችን እንዳልወጣ አየሁ። «ባለ እጅ» የሚል ቃል ያለው ቋንቋ ይዘን ማዕረግ መበደር አያስፈልገንም። ደግሞም የወርክሾፕ ጓደኞቻቸው ሙት ዓመቱ ላይ ይመጣሉ። «ኢንጂነር» ተብሎ ሲነበብ እነዚያ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበውን እውነት ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰሙት። «የቶርኖ ባለሙያ» በይ። ወንድምሽን ግን ባዶ እጁን አታስቀሪው። አባቱን ወርክሾፕ ውስጥ ቆመው ያየበትን አንድ ቀን አስታውሶ ይጻፍልሽ፤ ምን ለብሰው ነበር፣ ምን ይሸት ነበር፣ ምን አሉት? ታላቅ ልጅ ስለሆነ አንቺ ያላየሽውን አይቷል።

ሌላም የሚያስቸግርሽ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ አንቱታው። አንቺ «አባዬ ነበር» ትያለሽ፤ ወረቀቱ «አቶ እገሌ ነበሩ» እንድትይ ያስገድድሻል። ሦስት ጊዜ የተውሽው ምናልባት በዚህ ይሆናል፤ «ነበሩ» ስትዪ አባትሽ እንግዳ ሰው ይሆኑብሻል። ለሕዝብ የሚነበበው በአንቱታ ይሁን፤ ወጉ ነው፤ እናትሽም ያን ይመርጣሉ። መካከል ላይ ግን አንድ አንቀጽ ለልጆቹ ለዩ። እዚያ ላይ «አባዬ» ብላችሁ፣ በለመዳችሁት አጠራር፣ አንቺና ወንድሞችሽ በየተራ የምታስታውሱትን አንዳንድ ነገር አኑሩ። የሚነበበው ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። የተረፈው ለልጅ ልጆች በደብተር ይቀመጣል፤ የሚተርፈው ደግሞ ብዙ ነው የሚሆነው።

ይህን ሁሉ ብቻሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ አታገኚውም። እናትሽ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ሁኚ፤ አስፈቅደሽ ድምፃቸውን በስልክሽ ቅረጪ። «አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለሽ ግን አትጠይቂያቸው። «ደግ ነበር» ይሉሽና ያለቅሳሉ፤ አንቺም ታለቅሻለሽ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ይልቅ ዕቃ ይዘሽ ቅረቢ። የምጣዱን ክዳን አንሺና «ይህን እጀታ መቼ ነው የቀየረው?» በያቸው። ከምጣዱ ወደ ካውያው፣ ከካውያው ወደ መስኮቱ ሽቦ እያላችሁ ቤቱን ዙሩት። ዕቃ የያዘ ሰው አፉ ይፈታል።

ዓመቱ አልመጣ ካላቸው ከተማዋ ራሷ ታስታውሳቸዋለች። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ያጠቃበት የ1969 ዓ.ም. ክረምት አለ፤ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት የወሰደበት የ1998 ዓ.ም. ክረምት አለ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ ማመላለስ የጀመረበት 2010 ዓ.ም. አለ። «ከጎርፉ በፊት ነው በኋላ?» ብትያቸው ወዲያው ይነግሩሻል። ወረቀታቸውንም አገላብጪ፤ ግን ተጠንቀቂ። የባቡሩ የድሮ ሰነዶች በፈረንሳይኛ የተጻፉ ስለሆኑ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቀኑ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ 8፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 7 ቀንሺ። የቅጥር ዘመናቸው ሰባት ስምንት ዓመት ተዛብቶ ቢታተም ጓደኞቻቸው ያዝናሉ።

ወደ ደቻቱ ዳሯ ሴትም ሂጂ። ይህን በብርቱ አሳስብሻለሁ። በሯ አሁንም ቆሞ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሺው፤ ማጠፊያውን በእጅሽ ንኪው። ከዚያ ጎርፍ በኋላ አባትሽ ጡረተኛ ነበሩ፤ የቀጠራቸውም የከፈላቸውም የለም፤ ለቤተሰቡም አላወሩም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ በር ብቻ አቁሞ አይቀመጥም። በእድሩም እንደ እድር ባለው በአፎሻውም በኩል ጠይቂ፤ ሌላ በር፣ ሌላ ጣሪያ፣ የአንዲት መበለት ምጣድ ይወጣልሻል።

ቁጣቸውንም አትደብቂው። የቀረባቸው ሁሉ የሚያውቀውን ብትሸፍኚ ሌላው የጻፍሽው ይጠረጠራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ግን ምክንያቱን አብረሽ ጻፊ። የቶርኖ ሠራተኛ ገና ልጅ ሳለ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መፍቻን ማሽኑ ላይ አለመርሳት ነው። ዕቃውን በሚያስረው መያዣ ላይ የተረሳ መፍቻ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ጥይት ይወረወራል። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ጋር የኖረ ሰው ካቻቢቴው ከቦታው ሲጠፋ የሚሰማው ከእኛ ይለያል። ይህን የምልሽ የልጅነት ድንጋጤሽን ላጣጥልብሽ ፈልጌ እንዳይመስልሽ። ደንግጠሻል፤ ያ የራስሽ ነው፤ ለማንም ብለሽ አትፋቂው። ግን አንድ ነገር አስታውሺ፤ ከቁጣው ማግስት ምን ይሆን ነበር? ይቅርታ በአፉ የማይወጣው ሰው ማለዳ ተነሥቶ የሆነ ነገር ጠግኖ ሲጠብቅ አይተሽ ይሆናል። አይተሽ ከሆነ ጻፊው። ካላየሽ ዝለዪው፤ ያልነበረ እርቅ አትፍጠሪ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ካረፈ ብዙ ዘመን አልፎታል። ያኔ «ታታሪና ቤተሰቡን ወዳድ» ብለን ጻፍን። ዛሬ ያቺን ወረቀት አውጥቼ ሳነብ አባቴን አላገኘውም። ክር በጥርሱ ይበጥስ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሲበጥስ ፊቱን ወደ የትኛው ትከሻው ያዞር እንደነበር ግን ጠፍቶብኛል። እናቴ ታውቅ ነበር። እሷም አሁን የለችም። አንቺ እናትሽ አሉሽ፤ ለሙት ዓመቱም አራት ወር ይቀርሻል።

የመሣሪያ ሣጥኑን በዚህ ዓመት አትሽጡት። ታናሽ ወንድምሽ ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ በሌላ መንገድ ተረዳዱ፤ ያገለገለ መሣሪያ በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ከመሄድ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም ባላችሁበት ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ቁጠሩት። ሞርሳውን፣ ፒንሳውን፣ ሴጌቶውን፣ ሞረዱን፣ መፍቻዎቹን በየስማቸው መዝግቢ፤ ስሙንም አባትሽ ይጠሩት እንደነበረው ጻፊ። ብዙው ከጣሊያንኛ መጥቶ በድሬዳዋ አፍ የተገራ ቃል ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ከሌላ ሰው አይሰሙትም። ከዚያ በዘይት በራሰ ጨርቅ አብሱት፤ ስምንት ወር ያለ እጅ የተቀመጠ ብረት ዝገት ይጀምረዋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ይውሰድ። የቀረው በእውነት ለሚሠራበት ሰው፣ ከጓደኞቻቸው መካከል ልጁ ሙያውን ለያዘ፣ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ጣሳዎቹ ግን ከቤት አይውጡ። ለሙት ዓመቱ በሚታተመው ወረቀት ፊት ላይ የእርሳቸው ፎቶግራፍ ይሁን፤ በጀርባው «የጎበጡ፣ ይቃናሉ» የሚለውን ጣሳ አንሥተሽ አትሚው። የእጅ ጽሑፋቸው ነው። ምንም ማብራሪያ አትጨምሪበት።

የቀረው ቧንቧው ነው። እናትሽ ሠራተኛ አታስጠሩ ያሉበትን ምክንያት አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም። ውሃው እስከተንጠባጠበ ድረስ ሥራው ገና የባለቤታቸው ነው፤ ባዕድ ሰው መጥቶ ሲነካው ያበቃል። ስለዚህ ባዕድ አይንካው። ያስተማሩት አንቺን ነው፤ ሴት ልጅ ናት ሳይሉ መፍቻ ያስያዙት አንቺን ነው፤ ይህም ራሱ ጽሑፉ ውስጥ መግባት አለበት። አትቸኩይ፤ እናትሽን አስፈቅጂ። እሺ ያሉሽ ቀን በርጩማቸውን አውጪና ጥላው ሥር አስቀምጪላቸው፤ ተቀምጠው ይዩሽ። ውሃውን ከቆጣሪው በኩል ዝጊ፤ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ፈስሶ ይለቅ። ላስቲኩ የትኛው ጣሳ ውስጥ እንዳለ ታውቂያለሽ።